አባቴ ቋንቋ አያውቅም

ቅዳሜ፣ መጋቢት 13 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ ማታ

ባልዲውን አጥቤ በረንዳ ላይ ደፋሁት። ቤቱ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። የታችኛው ቤት ሴትዮ ነገ ታንኳኳለች። ታንኳኳ።

ሚኪ ሶፋው ላይ ተኝቷል። ስምንት ዓመቱ። እግሩ ከሶፋው ሊወጣ ትንሽ ነው የቀረው። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜና እሑድ የኔ ነው፤ ሌላውን ጊዜ ዴን ሃግ፣ እናቱ ዘንድ።

ዛሬ ወደብ ወሰድኩት። ከሰፈሬ ከዙይድ በትራም። ፋብሪካው ሙቅ ውሃ የሚደፋበት ጥግ አለ፤ ሌላው ውሃ ገና ከበረዶ አልተላቀቀም፣ እዚያ ግን ዓሣው ብርዱ ያለፈ መስሎት ይሰበሰባል። ማንም አላሳየኝም። አሮጌ ጎማ መርከብ ላይ ላስጭን ስሄድ ያየሁት ነው። ዝዋይ ዳር ያደገ ሰው ውሃ አያታልለውም።

ልጁ ባርስ የሚሉትን ዓሣ ያዘ። ባለ ጥቁር መስመር፣ መዳፍ የማታህል። ሳቀ። ደብተሬ፣ ይህ ልጅ እኔ ቤት ሲስቅ የሰማሁት መቼ ነበር? አላስታውስም።

የሺ፣ እናቱ፣ ወሬውን በር ላይ ነው የነገረችኝ፣ የልጁን ሻንጣ እያቀበለችኝ። ኬስ፣ አሁን አብራው የምትኖረው የአውቶቡስ ነጂ፣ ሰሜን ግሮኒንገን ሥራ አግኝቷል። ቤትም ተገኝቷል። በዚህ አገር በጋ፣ በሐምሌ ይገባሉ። ልጁም አብሮ። እንዲህ ብላ ካፖርቱን ቆለፈችለት፣ የአየር ሁኔታ እንደምትነግረኝ ሁሉ።

እኔ ካልተስማማሁ ግን አይሆንላትም፤ ጉዳዩ ዴን ሃግ፣ የልጆች ጉዳይ ቢሮ ነው። ግሮኒንገን ሩቅ ነው። በየሁለት ሳምንቱ የነበረው በየበዓሉ ይሆናል። የራቀ ደንበኛ እንዴት እንደሚጠፋ በንግድ አይቼዋለሁ፤ አይጣላህም፣ ዝም ብሎ ይቀራል።

ስለዚህ ልጁ ራሱ በአፉ ከአባቴ አልርቅም እንዲል እፈልጋለሁ። ልጅም ደንበኛ ነው። የሚወደውን ታቀርብለታለህ። የሚወደው ዓሣ ማጥመድ ነው። ርካሽ ነው፣ ጥሩ ነው።


ረቡዕ፣ መጋቢት 17

ዴን ሃግ ደርሼ ተመለስኩ። ዝናብ።

የቢሮዋ ሴትዮ፣ መፍራው እንላታለን፣ በደች ወይዘሮ ማለት ነው፣ ትዕግሥት አላት። ጥያቄ ታቀርባለች፣ እኔ አስተርጓሚውን አያለሁ። አስተርጓሚው ከአምስተርዳም የሚመጣ ተማሪ ነው፣ ቢሮው ነው የሚጠራው። እሱ ይነግረኛል። አስባለሁ። እንደገና እንዲያስረዳኝ እጠይቃለሁ። ያስረዳኛል። ከባድ ነገር ነው፣ ሰው ላማክር እላለሁ። ጊዜው ያልቃል፤ ሌላ ቀጠሮ። እንዲህ ስናደርግ ሦስተኛችን ነው።

አልገባኝም ማለት እዚህ አገር የለመድኩት የመጀመሪያው ሙያ ነው። ጎማ ስገዛ ሻጩ ለባልደረባው የመጨረሻ ዋጋውን በደች ይነግረዋል፤ እኔ እንደ በግ አየዋለሁ። ከዚያ ያንኑ ዋጋ በጣቴ አሳየዋለሁ። ዕድለኛ ነው ይሉኛል። ወደብ ላይ ስድስት ዓመት የሠራ ሰው ደች ባይችል ነው የሚገርመው። ሚኪ ያውቃል፤ ከኔ ጋር ግማሹን በደች ነው የሚያወራው። የሺም ታውቃለች፤ ግን ለመፍራው ብትነግራት የተጣላች ሚስት ወሬ ይሆናል።

ግሮኒንገን ያለው ቤት እስከ በጋ ብቻ ነው የሚጠብቃቸው። እስከዚያ ጎትቼ ከቆየሁ ለሌላ ይሰጣል። መሟገት አያስፈልገኝም። መዘግየት ብቻ።

ስንመለስ ትራም ውስጥ ተማሪው አጠገቤ ቆሞ፣ "ጋሼ፣ ቅድም ቲኬት ቆራጩን ሲያነጋግሩ ሰማሁ። ከኔ እኮ ይሻላሉ" አለኝ። ቲኬት ሌላ፣ ፍርድ ሌላ ብዬ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። መጽሐፉን ገለጠ። የዛሬ ልጅ።


ዓርብ፣ መጋቢት 19

መንጠቆና ክር ገዛሁ። ባለ ሱቁ ሳልጠይቀው አስጠነቀቀኝ፤ ከኤፕሪል አንድ ጀምሮ ባርስና ስኑክባርስ የሚሉትን ትልቁን ዓሣ ማጥመድ ክልክል ነው፣ እንቁላል የሚጥሉበት ወቅት ነው፣ እስከ ሜይ መጨረሻ። ቤት እንደገባሁ ግድግዳው ላይ ባለው የቤተ ክርስቲያን ካላንደር ሚያዝያ 1ን በቀይ ከበብኩት። ልጁ የሚመጣው መጋቢት 27 ነው። ከመዘጋቱ በፊት አንድ ጥሩ ቀን አለን ማለት ነው።

ወ/ሮ ጸዳለ ከላይ ፎቅ ወርደው ለመድኃኔዓለም ትልቅ ዓሣ አዘዙኝ። ሁዳዴ ከገባ ወዲህ ጎመን ሰልችቷቸዋል። ቄሱ ዓሣም አይበላም ብለዋል እኮ አልኳቸው።

"ዓሣ ጾም አይገድፍም ያለኝ አባቴ ነው። አባቴን ላምን ወይስ እኚህን ትናንት በአውሮፕላን የመጡትን?"

አባትዎን አልኳቸው። ደንበኛ አይከራከሩም። ትልቅ አመጣለሁ ብዬ ቃል ሰጠሁ።

ማታ የሺ ደወለች። ሚኪ ቤት ሲገባ ስለ ዓሣ ብቻ ነው የሚያወራው። ልጄን በዓሣ ልትገዛው ነው ወይ አለችኝ። አንቺ በሰው ቤት ከምትገዥው ይረክሳል አልኳት። ዘጋችው። ጥሩ መልስ ነበር። ጥሩ መልስ ከሰጠሁ በኋላ ሁልጊዜ ስልኩ ይዘጋል።


ቅዳሜ፣ መጋቢት 27፣ መድኃኔዓለም፣ ከሰዓት በኋላ

ይህን መጻፍ አልፈልግም። ቢሆንም እጽፋለሁ።

በጭጋግ ደረስን። ሰው የለም። ይህ ብቻውን ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር፤ ገበያ በምክንያት ነው ባዶ የሚሆነው። ዕድል ነው ብዬ አለፍኩት።

ወዲያው ያዘ። ባርስ አይደለም፣ ትልቁ ነው፣ ስኑክባርስ። ዓይኑ እንደ ብርጭቆ፣ ጥርሱ እንደ ውሻ። ርቦት የነከሰ አይመስልም፤ ተቆጥቶ ነው። ሚኪ መረቡን ይዞልኝ አወጣነው። ሆዱ እንደ ጥላሸት ጥቁር።

ልጁ ሆዱን አየ። ከዚያ እጄን ያዘኝ።

"አባዬ፣ ወንዱ ነው። ሆዱ ጥቁር ነው። ኤይቸስ እየጠበቀ ነው፣ እንቁላሎቹን። እናትየው ጥላ ትሄዳለች፣ እሱ ነው የሚቀረው። መልሰው።"

ማን ነገረህ አልኩት። ኬስ አለኝ።

ይህችን በትክክል ልጻፍ። ያንን ስም ባይጠራ ኖሮ ምናልባት እመልሰው ነበር። ምናልባት። ለወ/ሮ ጸዳለ ቃል ሰጥቻለሁ አልኩና ዓሣውን ጭንቅላቱን በእንጨት መታሁት። ሚኪ ፊቱን ወደ ውሃው አዞረ። እዚያ ጋ ጥልቅ አይደለም፤ ከድንጋዮቹ መሐል ነጣ ያለ ነገር ይታያል። ጥቂት ቆይተው ትናንሾቹ ባርሶች መጡ፣ ባለ መስመሮቹ። መጀመሪያ አንድ። ቀጥሎ ብዙ። ማንም የሚያባርራቸው የለም። እየለቀሙ በሉ። ልጁ እነሱን ያያል፣ እኔ ልጁን።

የዓሣ ማጥመድ ተቆጣጣሪ በብስክሌት መጣ። አረንጓዴ ጃኬት፣ ሸምገል ያለ። ሰላም አለን፤ ባልዲውን አየ፤ ፊቱ ተለወጠ። ፈቃዴን ጠየቀ፣ ሰጠሁት። ወቅቱ መዘጋቱን አታውቅም ወይ፣ ኤፕሪል አንድ እኮ ማክሰኞ ዕለት አለፈ አለኝ።

ማክሰኞ ሲል ገባኝ። ነገር ግን ልማዴ ቀደመኝ። ትከሻዬን ነቀነቅኩ። እንደ በግ አየሁት። ለሚኪ በአማርኛ፣ አባቴ አይሰማም፣ አላወቅንም በለው አልኩት።

ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። "አንተ እኮ ትችላለህ" አለ፣ በቀስታ።

በለው አልኩት።

ሰውዬው ተንበረከከ፣ ዓይኑን ከልጁ ዓይን እኩል አድርጎ። ሚኪም ነገረው። በደች፣ ጥርት ባለ የዴን ሃግ ደች፦

"አባቴ ቋንቋ አያውቅም። መልሰው ብዬው ነበር። እኔ ስነግረውም አይገባውም። መጥፎ ሰው ግን አይደለም።"

ይህን ቆሜ ሰማሁ። መስማቴን ፊቴ እንዳይናገር እየጠበቅኩ።

ደብተሬ፣ ዛሬ ለአንድ ጊዜ እውነተኛ ምክንያት ነበረኝ። ቀኑን በእውነት አላውቅም ነበር። እንድናገረው ግን ደች ያስፈልገኛል፣ ደች ደግሞ የለኝም ብያለሁ። እውነቱን አፌ ውስጥ እንደ ትኩስ ድንች ይዤ ቆምኩ።

ሰውዬው ቅጣት አልጻፈም። ለልጁ ሲል ነው፤ እንዲያውም እንዲህ ብሎ ነገረው። ዓሣውን ወሰደ። ዘንጎቹን ወሰደ፣ ትንሿን የሚኪን ጭምር። ከኪሱ ከረሜላ አውጥቶ ሰጠው። አባትህን የምትረዳ ጎበዝ ልጅ ነህ አለው፣ ጀርባውን ቸብ እያደረገ። እኔን በዓይኑም አላሰናበተኝ።

ሚኪ ከረሜላውን አልበላውም። ስንመለስ ትራም ውስጥ ኪሴ ከተተልኝ።


ያው ቀን፣ ማታ

ካላንደሩ ሥር ቆምኩ። መቆም አያስፈልገኝም ነበር። ኤፕሪል አንድ መጋቢት 23 ነው። ሕፃን ያውቀዋል።

መርከብ ላይ የምጭነውን በእነሱ ቀን እጽፋለሁ፤ አንድ ቀን ተሳስቼ አላውቅም። ዓሣውን ግን ከጾሙ ጋር ያዝኩት፣ ጾም ደግሞ የሚቆጠረው በኛ ካላንደር ነው። ባለ ሱቁ ኤፕሪል አለኝ፣ ጭንቅላቴ ሚያዝያ ብሎ ተቀበለው። በቤት ወሬ ሁላችንም እንዲያ አይደል የምንለው? ኤፕሪል፣ ሚያዝያ፣ ያው። ያው አይደለም።

ወ/ሮ ጸዳለ አንኳኩተው ነበር። አልተገኘም አልኳቸው፣ በበሩ ስንጥቅ። ለመድኃኔዓለም ጎመን ይበላሉ።


እሑድ፣ መጋቢት 28

ዴን ሃግ አደረስኩት። ባቡር ውስጥ ስለ ካላንደሩ ልነግረው ጀመርኩ። የኛ ወር የሚጀምረው በሌላ ቀን ነው አልኩት። መስኮቱን እያየ እሺ አለ። ስለ ዘንግህ ደግሞ ሌላ እገዛልሃለሁ አልኩት። አልፈልግም አለ። በአማርኛ ነው የመለሰልኝ። ሁሉንም።

ኬስ ጣቢያው ድረስ መጥቶ ነበር። ረጅም፣ ቀላ ያለ፣ ጨዋ። ጨዋነቱ ነው የሚያናድደኝ። በደች ቀስ እያለ፣ ቃል በቃል፣ ሚኪ ደክሞታል መሰለኝ አለኝ። ለደንቆሮ እንደሚናገሩት። እሱም እንደማልችል ነው የሚያምነው። ለካ የሺ አልነገረችውም። ለምን? ምናልባት አፍራብኝ።


ረቡዕ፣ ሚያዝያ 1

በኔ ቀን ዛሬ ነበር የሚዘጋው። ቀዩ ክብ ግድግዳው ላይ ይስቅብኛል።

የሺ ደወለች። ጠብ ጠበቅኩ፣ ጠብ አልመጣም። ለስላሳ ናት። ሚኪ ቅዳሜ ቆንጆ ነበር አላት፤ ትልቅ ዓሣ ያዝን፣ ሆዱ ጥቁር ነበር፣ ወንዱ እንደሆነ ነገርኩት፣ አባዬም መልሶ ለቀቀው ብሏታል። ስለ ተቆጣጣሪው አንድ ቃል የለም። አንተ እንደዚህ መሆን ትችላለህ ማለት ነው አለችኝ፣ እስቲ እኔም ላስብበት፣ ግሮኒንገን ይህን ያህል አያስቸኩልም ይሆናል።

አየህ፣ ደብተሬ። አሸነፍኩ። ልጄ በአፉ መሰከረልኝ። ከፈለግኩትም በላይ።

አዎ፣ ለቀቅኩት አልኳት።

ስልኩን አስቀመጥኩ። ስምንት ዓመቱ ነው። እናቱን ዓይኗን እያየ ዋሸ፣ እንደኔ ፊቱን እየጠበቀ። ማን አስተማረው ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር አስተማሪው ወደብ ላይ ቆሞ ነበር።

ሒሳቡ ትክክል ነው። ትርፉን ግን እጄ ሊነካው አልፈለገም።


ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 11

ሚኪ እዚህ ነው። ዓሣ የሚባል ቃል አላነሳም። ወደቡ ጋ እንሂድ፣ እንዲሁ ለማየት አልኩት። እንደ ትልቅ ሰው ካፖርቱን ለበሰ።

ሙቁ ውሃ ያው እየተደፋ ነው። ከድንጋዮቹ መሐል የነበረው ነጭ ነገር የለም። ጎንበስ ብሎ ብዙ አየ። ትናንሾቹም ሄደዋል፣ የሚበላ ሲያልቅ። ሌላ ይመጣል ወይ አለኝ። ሌላ ወንድ ሊመጣ ይችላል አልኩት። ምን እንዳልኩ የገባኝ ዘግይቼ ነው።

ስንመለስ ዳቦ ቤት ገባን። ልጅቷ ዳቦው ይቆረጥ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አፌን ስከፍት ሚኪ መሐላችን ገባ።

"ይቆረጥ ወይ ነው የምትለው፣ አባዬ" አለኝ በአማርኛ፣ ቀስ ብሎ፣ ጮክ ብሎ።

ሊያላግጥብኝ መስሎኝ አየሁት። ፊቱ ላይ ፌዝ የለም። እየጠበቀኝ ነው። ይቆረጥ አልኩት፣ በአማርኛ። ለልጅቷ አስተረጎመ። ሒሳቡንም ነገረኝ። በሩንም ከፈተልኝ። ትራሙ ላይ የሚቀጥለው ፌርማታ የት እንደሆነ ነገረኝ፣ ስድስት ዓመት ያመላለሰኝን መንገድ።

ማታ ከመተኛቱ በፊት በደች አነጋገርኩት። ሚኪ፣ እኔ ሁሉን እሰማለሁ፣ ያን ቀንም ያልከውን ሰምቻለሁ አልኩት። ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበ።

"አውቃለሁ" አለኝ። "ለመፍራውም እንዳልነግራት ነው አይደል? አልነግራትም።"

በአማርኛ።


ሰኞ፣ ሚያዝያ 13

ነገ ቀጠሮ ነው። መፍራው ሁላችንንም ጠርታለች፣ ልጁንም።

ሒሳቡን በቀዝቃዛ ጭንቅላት ሠራሁት። ነገ አልገባኝም ካልኩ ሌላ ቀጠሮ፣ ከዚያ ሴትዮዋ ረፍት ትወጣለች፣ ከዚያ በጋ። የሺም ለስልሳለች። ቤቱ ለሌላ ይሄዳል። ልጁ በየሁለት ሳምንቱ ይመጣል። አንድም ነገር ማድረግ የለብኝም። የተሻለ ካርታ እጄ ገብቶ አያውቅም።

በደች ከተናገርኩ፣ ያለፉት ቀጠሮዎች ሁሉ ውሸት መሆናቸው በአንድ ቃል ይወጣል። መፍራው ሞኝ አይደለችም። ዓሣውም ይወጣል። የሺ መለስለሷን ትተዋለች፣ እውነት አላት። ግሮኒንገን ይሄዳሉ። እኔ በየበዓሉ።

ግን በየሁለት ሳምንቱ የሚመጣው ማን ነው? እዚህ ሶፋ ላይ የሚተኛው አስተርጓሚዬ ነው። ቤቴን የሚጠብቅልኝ፣ ውሸቴን የሚይዝልኝ። ከረሜላውን ኪሴ የከተተው።

አምስተርዳም ደወልኩ። ተማሪውን ነገ አትምጣ አልኩት። አሞዎት ነው ወይ አለ። ደህና ነኝ። ታዲያ ማን ያስተረጉማል? አንተ ብቻ አትምጣ አልኩት። "ጥሩ ነው፣ ጋሼ" አለኝ። መጽሐፍ የሚያነበው ያ ልጅ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ዓይኔን አሸሁ።

ተናደድኩ ደግሞ። በሁሉም። በካላንደሩ፣ በኬስ፣ ወንድ ዓሣ ሆዱ እንደሚጠቁር ለልጄ የነገርኩት እኔ ሳልሆን በመቅረቴ። ዝዋይ ያደግኩት እኔ፣ አስተማሪው የአውቶቡስ ነጂ።


ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14፣ ዴን ሃግ፣ ጠዋት

ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ቀድሜ መጣሁ፣ እነሱ ግን ቀደሙኝ። በበሩ መስተዋት ውስጥ ይታዩኛል። የሺ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋለች። ኬስ የለም፤ ሥራ ይሆናል። መፍራው ሰዓቷን አየች፣ አስተርጓሚው አልመጣም መሰለኝ ትላለች፣ በበሩ እሰማለሁ። የሺ ትከሻዋን ነቀነቀች።

ሚኪ ተነሳ። ጥግ ያለችውን ወንበር ጎተታት። ከብዳዋለች፣ ወለሉ ላይ ትፏጫለች። በመፍራውና በባዶው በኔ ወንበር መሐል አስቀመጣት። ተቀመጠባት። እግሩ መሬት አይነካም። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በሩን ያያል። ዝግጁ ነው።

መፍራው ምን ልታደርግ ነው አለችው። አባቴን ልረዳ አላት።

በቃ። እስክሪብቶውን ልዝጋ። ስገባ ቀድሜ የማየው እሱን ነው። ቀጥሎ ለሁሉም፣ ጮክ ብዬ፣ የወደብ ሰው እንደሚለው፦ ኹደ ሞርኸን፣ እንደምን አደራችሁ። ከዚያ ሚኪ ወንበሩን ወደ ጥግ ይመልሳል።